ሹፌሩ አላየኝም ብላችሁ ጀምሩ፦ በከሰል ማዕድን ዋሻ ውስጥ ከመጓጓዣ አደጋ ራስን መጠበቂያ መመሪያ

ስለ ድንጋይ ከሰል ማዕድን አደጋ ሲወራ ቀድሞ የሚታሰበው የጋዝ ፍንዳታና የጣሪያ መደርመስ ነው። የሚያስፈሩ መሆናቸው እውነት ነው። በየፈረቃው አጠገባችሁን ታክኮ የሚያልፈው ግን ሌላ ነው፦ ከሰል የጫነ ተሽከርካሪ፣ ሐዲድ ላይ የሚንከባለል ፉርጎ፣ ሲሮጥ የሚውል ማጓጓዣ ቀበቶ። ፍንዳታ ሳያዩ ጡረታ የወጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ብዙ ናቸው። ፉርጎ ሳያይ የዋለ ግን የለም።

በአገራችን ከሰል በአብዛኛው የሚወጣው ከላይ ያለው አፈር ተገፍቶ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የተጻፉት ልኮችና ደንቦች በዋናነት የአሜሪካ የከርሰ ምድር ከሰል ማዕድን ልኮች ናቸው፤ ከአደጋዎቹም የተወሰኑት የብሪታንያ ናቸው። ለኃይል ማመንጫ ወይም ለባቡር መስመር ዋሻ ሲቆፈር የሠራ ሰው ግን አብዛኛውን ነገር ያውቀዋል፤ ሐዲዱም፣ ቀበቶውም፣ ጨለማውም ያው ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመውረዳችሁ በፊት

የራስ መብራታችሁን አብሩና ግድግዳ ላይ አሳርፋችሁ እዩት። ከደበዘዘ ቀይሩት። "ለዛሬ ይበቃኛል" አይባልም፤ ሹፌሩ ከሩቅ የሚያየው ያችን የብርሃን ነጥብ እንጂ እናንተን አይደለምና። የቱታችሁን እጅጌ ቆልፉ፤ የተንጠለጠለ ክር፣ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ፣ የሚወዛወዝ ቀበቶ አይኑር። ቀለበት ያደረገ ያውልቅ፤ የጋብቻም ቢሆን። ጣት ይዞ መመለሱን ቤት ያለው ሰው ይመርጣል። አንጸባራቂ ልብሳችሁ በከሰል አቧራ ጠቁሮ ከሆነ ተራ ጨርቅ ሆኗልና አጽዱት ወይም ለውጡት።

ከዚያ ካቦውን አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ዛሬ የመኪኖቹ መንገድ በየት ነው?" ከሰሉ እየተፈለፈለ የከሰል ዓምዶች እየቀሩ በሚሄዱበት ማዕድን መንገዱ እንደ ቁፋሮው ይለዋወጣል። ትናንት እየተጨዋወታችሁ የሄዳችሁበት መተላለፊያ ዛሬ የጭነት መንገድ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከእረፍት ወይም ከሕመም ፈቃድ የተመለሰ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይግባ።

የመብራት ምልክቱንም በዚያው አረጋግጡ። ራስን ወደ ጎንና ወደ ጎን ነቅንቆ ብርሃኑን ማወዛወዝ "ቁም" ማለት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ በብዙ ቦታ "ወደ እኔ ና" ሲሆን፣ ማሽከርከር ደግሞ "ራቅ" ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ከማዕድን ማዕድን ሊለያዩ ስለሚችሉ የምትሠሩበትን ቦታ ልማድ ጠይቁ። "ቁም" የሚለውን ግን ሳታስቡ እንዲመጣላችሁ አድርጋችሁ ልመዱት።

2. በአሳንሰር ስትወርዱ

አሳንሰሩ ውስጥ የሚጠበቅባችሁ ነገር ጥቂት ነው፦ በደወል ምልክት የሚሰጠውን ሰው መታዘዝ፣ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ አለመግባት፣ በሩ ተዘግቶ ሳይቆለፍ ምልክት አለመስጠት፣ እጅን ወደ ውስጥ መሰብሰብ። ረጅም ብረት ወይም ከባድ ዕቃ ከሰው ጋር አይወርድም። የደወሉ ቁጥር ትርጉም በጉድጓዱ አፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

የቀረው የባለ ሙያ ሥራ ነው፤ ሥራው መሠራቱን መጠየቅ ግን የእናንተ ነው። በአሜሪካ ደንብ የብረት ገመዱ ቢበጠስ አሳንሰሩን ይዘው የሚያቆሙት መንጠቆዎች ቢያንስ በየሁለት ወሩ ይፈተሻሉ። በብሪታንያ ማርካም በተባለው የከሰል ማዕድን ጁላይ 30 ቀን 1973 ሰው የጫነው አሳንሰር መቆም ባለበት ቦታ ሳይቆም ቀርቶ የጉድጓዱን ግርጌ መታ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። የተበጠሰው ገመዱ አልነበረም። የማውረጃው ሞተር ፍሬን ውስጥ ያለች አንዲት የብረት ዘንግ ከዕድሜ ብዛት ተሰንጥቃ ኖሮ በዚያን ቀን ተሰበረች። ፍተሻው ገመዱን ብቻ አይቶ ማለፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

3. በሠራተኛ ማመላለሻው ላይ

ማመላለሻው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አትውጡ፣ አትውረዱ። ተቀመጡ፤ ራስም፣ ክርንም፣ ጉልበትም ከውጭ አይታይ። ዋሻው እንደ ከተማ መንገድ ወጥ ስፋት የለውም። የጣሪያ ማሰሪያ ቡሎን ወይም ድጋፍ እንጨት ድንገት ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ጣሪያው ድንገት ዝቅ በሚልበት ቦታ መብራት ወይም አንጸባራቂ ምልክት መደረግ ያለበትም ስለዚህ ነው።

የሰው ማመላለሻ ከጭነት ጋር አይቀላቀልም። በአሜሪካ መለኪያ በሰው ማመላለሻና በሌላ ማንኛውም ባቡር መካከል ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ90 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይጠበቃል። ሹፌሩ "ተከትዬው ልግባ" ብሎ ከፊት ያለውን ቢያሳድድ ዝም አትበሉ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሐዲዱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ፍሬን መያዙ ብቻ አያቆመውም፤ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ሎኮሞቲቭ አሸዋ የሚይዘው ሐዲዱ ላይ እየረጨ እንዲቆነጥጥለት ነው። ሹፌር የሆናችሁ ፈረቃ ስትጀምሩ አሸዋው መኖሩንና ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ ዳሱ። የረጠበ አሸዋ አይወርድም። በእንግሊዝ ቤንትሊ ኖቬምበር 21 ቀን 1978 ሠራተኞች የጫነ ባቡር ቁልቁለት ላይ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰባት ሰዎች ገድሏል፤ ሰዎቹ ሥራ ጨርሰው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር።

ከሰል በጫነ ፉርጎ ላይ፣ ወይም በሁለት ፉርጎዎች መካከል ባለው ማያያዣ ላይ ቆሞ መሄድ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። እግር ደክሞኛል ማለትም ምክንያት አይሆንም።

4. በሐዲድ ዳር በእግር ስትሄዱ

ሐዲዱ በሁለት ጎኑ እኩል አይደለም። አንደኛው ጎን ሰው የሚያልፍበት ነው፤ ከሚያልፈው ባቡር ጠርዝ ቢያንስ 24 ኢንች፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ሊኖረው ይገባል። ሌላው ጠባብ ነው። ዋሻ እንደገባችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሰፊው ጎን የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። ሰፊው ጎን ከግራ ወደ ቀኝ የሚዞርበት ቦታ አለና ምልክቱን ጠብቁ።

60 ሴንቲ ሜትር የሚበቃ ቢመስልም አንድ የትከሻ ስፋት ብቻ ነው፤ አካፋ ከያዛችሁ አይበቃም። ስለዚህ ባቡር ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መጠበቅ ሳይሆን ወደ መጠለያ ጉድጓድ መግባት ነው። መጠለያዎቹ ከ105 ጫማ፣ ማለትም ከ32 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ግድግዳው ውስጥ ይቆፈራሉ፤ ጥልቀታቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ስትሄዱ "ያለፍኩት ይቀርበኛል ወይስ የሚቀጥለው?" እያላችሁ ሂዱ። ድምፁን ስትሰሙ ወዲያው ግቡ። ዋሻ ድምፅን ያዛባል፤ ከፊት የመጣ የሚመስለው ከኋላ ሊሆን ይችላል። ገብታችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡ፤ መብራታችሁን ከሹፌሩ ዐይን አንሱ። የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ቀይ መብራቱን ወይም አንጸባራቂውን ካላያችሁ አልቋል ብላችሁ አትውጡ። ጅራቱ ተበጥሶ ኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ተበጥሶ የቀረ ደግሞ ቁልቁለት ካገኘ ራሱን ችሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። መጠለያ ጉድጓድ የትም አገር የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ድጋፍ እንጨት፣ የተቀደደ ቱቦ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ የትናንት ምሳ ዕቃ። የቆፈሩት ሰዎች ሰው እንዲገባበት አስበው ነበር፤ ሲያስፈልግ ግን ጀሪካኑ ቀድሞ ገብቶ ይገኛል። በየግድግዳው "ደኅንነት ይቅደም" የሚል ሰሌዳ ከመለጠፍ አንድ መጠለያ መጥረግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከራስ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ሐዲድ ላይ ብረት፣ መሰርሰሪያ ወይም ቧንቧ ትከሻ ላይ አትሸከሙ። በእጅ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሽቦው ሽፋን የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 600 ቮልት ይሸከማል፤ ወለሉ ደግሞ እርጥብ ነው።

5. ፉርጎ ስታያይዙና ስታቆሙ

በሚንቀሳቀሱ ፉርጎዎች መካከል አትግቡ። በጣም ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱትም ጭምር። ቀስ ብሎ የሚመጣ ፉርጎ አያስደነግጥም፤ ስለማያስደነግጥም ሰው እጁን ይሰዳል። ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው ፒን ካልገባ ባቡሩ እንዲቆም አድርጉ፣ ሹፌሩ መቆሙን በቃሉ ይንገራችሁ፣ ከዚያ ግቡ።

የቆመ ፉርጎ ፍሬኑ ተይዞ ጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል። ድንጋይ ታኮ አይደለም። ቁልቁለት ባለበት መስመር ላይ ያመለጠውን የሚይዝ ማገጃ ወይም ከሐዲድ የሚያስወጣ መሣሪያ ሊኖር ይገባል፤ ባቡር ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን እዩ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ሞኖንጋ ዲሴምበር 6 ቀን 1907 ከ360 በላይ ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከአንደኛው የማዕድን አፍ የተበጠሱ ፉርጎዎች ወደ ውስጥ ተንደርድረው ገብተው ነበር። ለፍንዳታው ምክንያት እነሱ ይሁኑ አይሁኑ ተረጋግጦ አያውቅም። ያም ሆኖ ከሚጠረጠሩት ነገሮች መካከል እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ።

6. ከሰል ከሚፈለፈልበት ግንባር አጠገብ

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት።

ሹትል ካር የሚባለውን ከሰል አመላላሽ አስቡ። ከፈልፋዩ ማሽን ሥር ከ10 ቶን በላይ ሊጭን ይችላል፤ ይጭንና ወደ ቀበቶው ሄዶ ያራግፋል፤ ይመለሳል። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ አይዞርም፤ የሄደበትን ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣሪያው ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል በማይሞላበት ማዕድን ሹፌሩ በአንደኛው ጎን፣ ወለሉ አጠገብ፣ ሊጋደም ምንም ሳይቀረው ተቀምጧል። ከፊቱ የብረት ጎን አለ፤ ከጎኑ በላይ የተከመረ ከሰል አለ። በተቀመጠበት ጎን ግድግዳውን ያያል። በሌላኛው ጎን የሚያየው ከሰልና ጨለማ ነው። እናንተ በዚያኛው ጎን ብትቆሙ፣ መብራታችሁ ቢበራም፣ ለእሱ የላችሁም። አንድ ቀን ማሽኑ ቆሞ ኃይሉ ተቋርጦ ሳለ እዚያ መቀመጫ ላይ ገብታችሁ ተቀመጡና ጓደኛችሁ በዙሪያው ይሂድ። መቼ መቼ እንደሚጠፋባችሁ ተመልከቱ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ነገሮች ሳይነገሯችሁም ይገቧችኋል።

በማሽንና በግድግዳ መካከል አትቁሙ። ማሽኑ ቆሞ ቢሆንም። ማጠፊያ ላይ ስትሆኑ ውስጠኛው ማዕዘን የባሰ ነው፤ ተሽከርካሪው ሲታጠፍ መካከሉ ወደ ማዕዘኑ ተጠግቶ ያልፋል።

ማለፍ ካስፈለጋችሁ ቁሙ፣ በመብራት ምልክት ስጡ፣ ሹፌሩ ማሽኑን አቁሞ በመብራቱ ወይም በቃሉ እስኪመልስላችሁ ጠብቁ። ምልክት መስጠት ብቻውን ማለፊያ አይደለም። መልስ ካልመጣ አላያችሁም ማለት ነው።

አየር ለመምራት የተሰቀለ መጋረጃ ኋላ አትቁሙ፣ ዕቃም አታስቀምጡ፣ ምሳም አትብሉ። ሹፌሩ መጋረጃውን ከማለፉ በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ ክላክስ መንፋት አለበት። ነገር ግን የፈረቃው ማብቂያ ሲቃረብ፣ የቶኑ ቁጥር ሲቆጠር፣ ክላክሱ እየተረሳ ይሄዳል። መጋረጃ ለማለፍ የምትፈልጉ እግረኞች መጀመሪያ ድምፅ አዳምጡ፤ ከዚያ መብራታችሁን በጎኑ አሳዩ፤ ከዚያ ግቡ።

የማሽኑን ኬብል እዩ። ብዙዎቹ ሹትል ካሮች በኤሌክትሪክ ኬብል ኃይል እያገኙ ይሠራሉ፤ ኬብሉ ከጀርባቸው ጥቅልል ላይ ይፈታል፣ ይጠቀለላል። ማሽኑ ማዕዘን ሲዞር ኬብሉ በማዕዘኑ ላይ ይወጠርና እንደ ጅራፍ ቦታውን ይለውጣል። በኬብሉና በማዕዘኑ መካከል ባለው ቦታ የቆመ ሰው ተጥሎ ይገኛል።

ሰው ሲቀርብ ማሽኑን የሚያስጠነቅቅና የሚያቆም መሣሪያ አለ። በአሜሪካ በ2015 የወጣ ደንብ በአብዛኞቹ ፈልፋይ ማሽኖች ላይ እንዲገጠም አስገድዷል። ሠራተኛው ትንሽ መሣሪያ ይታጠቃል፤ ማሽኑ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ሰውየው መስኩ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ከዚያ ማሽኑ ይቆማል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ወገባችሁ ላይ ካልታጠቃችሁት አይሠራም፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለ መሣሪያ የሚያድነው ምሳውን ነው። በፈረቃ መጀመሪያ ፈትሹት። እንዳለ አውቃችሁም እንደሌለ ሆናችሁ ቁሙ።

7. በማጓጓዣ ቀበቶ አጠገብ

ቀበቶ እንደ ተሽከርካሪ አያሳድድም፤ ሰው ነው የሚሄድበት። አደጋውም የሚደርሰው በብዛት ሲጠርጉ፣ ሲያስተካክሉ፣ ሲሻገሩ ነው።

ቀበቶው መዘውሩ ላይ የሚገባበት ጥግ አለ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ቀበቶ ጣትን እዚያ ጥግ ላይ ካገኘ ክንድን ሙሉ ለማስገባት ሩብ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ዐይን ለመጨፈን የሚፈጀው ጊዜ ነው። "ቶሎ እስባለሁ" የሚል ሰው ከዚህ አይፈጥንም። ስለዚህ በመዘውሮቹ ዙሪያ ያለው የብረት መከላከያ በቦታው ካልሆነ አትጠጉ፤ ከጎደለ ቀበቶው ይቁም። መከላከያው ሰው እጁን ከኋላው አዙሮ ማስገባት እስከማይችል መርዘም አለበት። የፈሰሰ ከሰል በሚሮጥ ቀበቶ ጅራት መዘውር አጠገብ በአካፋ አይዛቅም። አካፋው ይያዛል፣ አካፋውን የያዘ እጅ ቶሎ አይለቅም።

የሚሮጥን ቀበቶ ለመሻገር ድልድይ ወይም መሹለኪያ ተሠርቷል፤ በእሱ ብቻ። ሩቅ ከሆነም በእሱ። የቆመን ቀበቶም እንዲሁ፤ ከሩቅ የሚያስነሳው ሰው እናንተን አያያችሁም፤ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽና ቀበቶው ሲነሳ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። የመሳቢያ ገመዱ የት እንደሆነ ሁልጊዜ እወቁ፤ ገመዱ ከተሳበ ቀበቶው መቆም አለበት። አንዳንድ ማዕድኖች ለሰው በተፈቀደ ቀበቶ ላይ ሰው ይጭናሉ፤ ለዚያ የተለየ ፍጥነት፣ የተለየ ክፍተት፣ የተለየ መቆሚያ አለው። ለከሰል ብቻ በተሠራ ቀበቶ ላይ ግን የሚተኛ ሰው ወደ ማራገፊያው እየሄደ ነው።

8. ስትጠግኑ፦ የራሳችሁ ጓጉንቸር

ማጥፊያውን መጫን ማቆም ነው እንጂ መዝጋት አይደለም። ኃይሉን ከዋናው አጥፉ፣ የራሳችሁን ጓጉንቸር አድርጉ፣ ስማችሁ ያለበትን ምልክት ስቀሉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። አምስት ሰው ከሠራ አምስት ጓጉንቸር ይደረጋል። "የእኔ ለሁላችንም ይበቃል" የሚል ካቦ ካለ ምሳ ሲሄድ ቁልፉን ይዞት ወይም ከፍቶት ይሄዳል። ከዚያ አስነሺው ቁልፍ ላይ ተጭናችሁ አለመነሳቱን ፈትሹ።

ኃይል ቢጠፋም ቀበቶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ በጫነው ከሰል ክብደት ይወርዳል፤ የተወጠረ ከሆነ ሲፈታ ይወረወራል። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት በብረት ተይዞ መቆም አለበት።

9. ቀበቶው መጋየት ሲጀምር

የቀበቶ እሳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀበቶው ከመስመሩ ወጥቶ ብረት ሲፈትግ ወይም ሮለር ተይዞ መዞር ሲያቆም ነው። ከእሳቱ በፊት ሽታው ይመጣል፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል። በእንግሊዝ ደርቢሺር ክሬስዌል በተባለው ማዕድን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1950 የተቀደደ ቀበቶ በማራገፊያው ውስጥ ተወትፎ በፍትጊያ ተቀጣጠለና 80 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደለው ከእሳቱ የተነሳው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። እሳት የማይዛመትበት ቀበቶ በብሪታንያ ማዕድኖች የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ሎጋን ካውንቲ አራኮማ አልማ በተባለው ማዕድን ጃንዋሪ 19 ቀን 2006 የተነሳው እሳትም ከመስመሩ ከወጣ ቀበቶ ነበር። የእሳት ማጥፊያ ቱቦው ውኃ አልነበረውም፤ ጢሱን ሊያግድ የሚገባው ግድግዳም ስለጎደለ ጢሱ ወደ ማምለጫው መንገድ ገባ። ከ12 ሰዎች 10ሩ ወጡ፤ ሁለቱ በጢሱ ውስጥ ከጓደኞቻቸው ተለያይተው ቀሩ።

ስለዚህ ፈረቃ ስትጀምሩ ከቀበቶው ጋር ያለውን የውኃ ቧንቧ አንዱን ከፍታችሁ ውኃ መኖሩን እዩ። የሚጮኽ ሮለር ከሰማችሁ ዛሬውኑ አስመዝግቡ። በሮለሮቹ ሥር የተከማቸ የከሰል አቧራ ይጠረግ፤ ቀበቶው ቆሞ፣ ተቆልፎ።

ጢስ ካያችሁ ቀበቶውን አስቁሙ፣ ተናገሩ፣ የኦክስጅን መሣሪያችሁን አፋችሁ ላይ አድርጉ። "ትንሽ ልታገስ" ብላችሁ አታዘግዩት። ሽታ የሌለው ጋዝ ቀድሞ ይደርሳል። መሣሪያው አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ አትሩጡ፤ የሚሮጥ ሰው ፈጥኖ ይጨርሰዋል። እርስ በርስ ተያያዙ። ከማምለጫው መንገድ ጋር የተዘረጋውን ገመድ በእጃችሁ ፈልጉ፤ በገመዱ ላይ ሾጣጣ መመሪያዎች አሉ፤ ወደ መውጫው ስትሄዱ እጃችሁ በቀጭኑ ጫፍ ይነሳና በላያቸው ይንሸራተታል። እጃችሁ ሰፊውን ጎን ከመታ ወደ ውስጥ እየሄዳችሁ ነውና ዙሩ።